የእናቷ ክብደት

ቤተሰቡም ጎረቤቱም «ትልቋ» ነበር የሚላት። ስሙ መጀመሪያ የወጣላት የበኩር ልጅ ስለሆነች ነው፤ ተከታይ እህቷም በዚያው «ትንሿ» ተብላ ቀረች። ትልቋ ሃያ ዓመት ካለፋት በኋላ ግን ስሙ ሌላ ትርጉም ደረበ፤ ያንን ለማስረዳት ደግሞ ማንም አልተቸገረም። በር ስትገባ በሩ ይሞላል። ታክሲ ውስጥ ስትቀመጥ አጠገቧ ያለው ሰው ፈገግ ብሎ መስኮቱ ላይ ይለጠፋል። እሷ ግን ሰው ሳይቀድማት በራሷ መቀለድ ታውቅበት ነበር። «እኔ የተሳፈርኩበት መኪና አይገለበጥም» ትላለች፤ ሰው ይስቃል፤ እሷም አብራ ትስቃለች፤ ነገሩ በዚያው ያልፋል።

የምትሠራው በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ክፍሉ ምድር ቤት ውስጥ ስለሆነ መስኮት የለውም፤ ከእንፋሎቱ ብዛት የተነሳ ግድግዳው ቀለም አልይዝ ብሏል። አንሶላ ከማሽኑ ሲወጣ እርስ በርሱ ተጠላልፎ፣ እንደ ገመድ ተገምዶ፣ ውኃ እንዳዘለ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ለሁለት ሆነው የሚጎትቱትን እሷ ብቻዋን መዥረጥ አድርጋ ታወጣውና ደረቷ ላይ አቅፋ ወስዳ ማድረቂያው ውስጥ ትጨምረዋለች። ከባድ ነገር ከቦታው መነቃነቅ ሲኖርበት መጀመሪያ የሚጠራው የእሷ ስም ነበር።

ቤት ደግሞ እናቷ አለች። እናትየውን ስትሮክ ከመታት ዓመታት አልፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ ግራ እጇና ግራ እግሯ አይታዘዟትም። ምላሷ ግን ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም የእጅና የእግሩንም ሥራ ደርቦ የያዘ ይመስላል። ጠዋት ጠዋት ትልቋ ከአልጋ አንስታ ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ታስቀምጣታለች፤ መታጠቢያ ቤት ትወስዳታለች፤ ማታ መልሳ ታስተኛታለች። ቀን ቀን አንዲት ጎረቤት ብቅ እያለች ታያታለች። ማንሳቱ ለትልቋ ከሥራ የሚቆጠር አልነበረም። ጎንበስ ትላለች፣ ታቅፋታለች፣ ቀና ትላለች፤ አለቀ።

«ትራስ ነው እንዴ የምታነሺው?» ትላት ነበር እናቷ። «ኧረ አንድ ቀን እንኳ እህ በይ፤ ሰው መሆኔ ይታወቅ።»

ትልቋን ያስደነገጣት ጉልበቷ ነበር፤ ደረጃ መውረድ ከመውጣት ባሰባት። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ጉልበቱ ቀርቶ ስኳሩና የደም ግፊቱ ዋናው ወሬ ሆነ። ዶክተሩ መድኃኒት ለወጠ፣ ጨመረ፣ ደግሞ ለወጠ። በመጨረሻ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጨጓራን ስለሚያሳንሰው ቀዶ ጥገና አስረዳት። እሷም ቤት ገብታ ለእናቷ ነገረቻት።

«ሰው ታሞ ይከሳል እንጂ፣ ለመክሳት ብሎ ሆዱን ያስቀድዳል?» አለች እናትየው።

«እማዬ፣ እኔ ቀድሜሽ ብሄድ ማን ያነሳሻል?»

እናትየው ስለ ቀዶ ጥገናው ከዚያ ወዲያ ክፉ አልተናገረችም።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለፈ። ከሆስፒታል የወጣች ዕለት ዶክተሩ አጠገቧ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ነገራት። «ሲከሱ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ሲመገቡ ከሁሉም በፊት እንቁላሉን፣ ሥጋውን፣ እርጎውን ያስቀድሙ። ቁስሉ ደህና ከሆነ በኋላ ደግሞ ክብደት ማንሳት ይጀምራሉ። ይህን እንዳይተውት።» ትልቋ እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። በልቧ ግን ሳቀች። ብረት ማንሳት መስታወት ፊት ቆመው ክንዳቸውን የሚያዩ ጎረምሶች ሥራ ነው፤ እሷ ቀኑን ሙሉ እርጥብ አንሶላ፣ ጠዋትና ማታ እናቷን የምታነሳ ሴት ምን ቀርቷት?

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት እንደ ሕልም ነበሩ። ቀሚሶቿ መጀመሪያ ሰፏት፣ ቀጥሎ ወለቁባት፣ ከዚያ ትንሿ እየሳቀች በፌስታል ጠቅጥቃ ወሰደቻቸው። አንድ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳታስበው እግሯን በእግሯ ላይ አነባበረች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያላደረገችው ነገር ስለነበር ደንግጣ አወረደችው፤ ዙሪያዋን አየችና መልሳ አነባበረችው። መንገድ ላይ ሰው እያስቆመ ያደንቃታል። ትናንት ሰላምታ የማይሰጣት የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሳይቀር ምድር ቤት ወርዶ «በርቺ» ብሏታል። ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምትሄደው ሚዛኑ ላይ ነው። ቁጥሩ ከወረደ ቀኑ ብሩህ ነው፤ ካልወረደ ምሳ ይቀራል።

ፀጉሯ በማበጠሪያ እየተነቀለ ሲመጣ ያልፋል አለች። በዚያ ሙቅ ክፍል ውስጥ ብርድ ብርድ ሲላት ሹራብ ደረበች። አንሶላው ሲከብዳት ደግሞ ማሽኑን ወነጀለች፤ «ውኃውን በደንብ አልጨመቀውም» አለች። አንዷ የሥራ ባልደረባዋ ሳትጠየቅ ሌላውን ጫፍ ትይዝላት ጀመር። እናቷን ስታነሳም እህ ማለት ጀምራ ነበር፤ እናቷም ሰምታለች፤ ግን ስለ እሱ አልቀለደችም።

የወደቁት አንድ እሑድ ጠዋት ነው። ትልቋ እንደ ወትሮው ጎንበስ ብላ እናቷን አቀፈቻት፤ ቀና አለች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ክንዶቿ ተንቀጠቀጡ። ወንበሩ አንድ ክንድ ያህል ነበር የሚርቀው። «እማዬ ያዢኝ» አለች፤ እናትየው በደህናው እጇ አንገቷን ያዘቻት፤ ከዚያ ጉልበቷ ከዳትና ሁለቱም አልጋውና ወንበሩ መካከል ተያይዘው ወረዱ። ትልቋ በጀርባዋ ወደቀች። እናቷ በጎኗ ነበር የወረደችው፤ ደህናው እጇ ከሥሯ ሆነ።

ትልቋ ተነስታ ተንበረከከች። ከብብቷ ሥር ገብታ ሞከረች። ከኋላ ሆና ሞከረች። ብርድ ልብስ ከሥሯ አንሸራታ ለመሳብ ሞከረች። እናቷ ከወለሉ የተነሳችው አንድ ስንዝር ያህል ነው፤ ያውም ተመልሳ ወረደች። በስተመጨረሻ ትራስ ከራሷ በታች አደረገችላት፤ ለእህቷ ደወለች፤ ከዚያ ሌላ የምታደርገው ስለጠፋት እሷም ወለሉ ላይ አጠገቧ ተኛች።

ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩ።

«አሞሻል?» አለች ትልቋ።

«እጄን ትንሽ። አንቺስ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«አይዞሽ» አለች እናትየው። «ወለል ደግነቱ ከዚህ በታች መውደቂያ የለውም።»

ትልቋ ለመሳቅ ብላ አፏን ስትከፍት ለቅሶ ወጣ። እናትየው ደህና በነበረው እጇ ፀጉሯን ልትዳብሳት ሞከረች፤ እጇ እምቢ ሲላት ግንባሯን ከልጇ ግንባር አስጠጋች። ትንሿ ከባሏ ጋር በሩን ከፍታ ስትገባ ያገኘቻቸው እንደዚያ ሆነው ነው።

የእናትየው የእጅ አንጓ ተሰንጥቆ ነበር። ደህና የነበረው አንድ እጇ በጀሶ ታሰረ። ከሆስፒታል ሲመለሱ ትንሿ እህቷን ኩሽና ውስጥ ይዛ በሩን ዘጋች።

«እማዬን እኔ ጋ ነው የምወስዳት» አለች። «ባለቤቴ ያነሳታል።»

«እጇ እስኪድን ከሆነ…»

«እስኪድን አላልኩም። እትዬ፣ አንቺ እኮ አሁን ራስሽን መሸከም አልቻልሽም። ቆንጆ ለመሆን ብለሽ እናቴን ጣልሽብኝ።»

ቆንጆ ለመሆን ብላ እንዳልሆነ እህቷም ታውቃለች፤ ግን «ጣልሽ» የሚለው እውነት ስለነበር የቀረውን አብሮ እውነት አስመሰለው።

ቤቱ ባዶ ሆነ። ማታ ከሥራ ስትገባ የሚጣራ የለም። የእናቷ አልጋ እንደተነጠፈ ነው። ሐኪም ዘንድ ክትትል ነበራትና ሄደች፤ ዶክተሩ የክብደቷን መውረድ አይቶ ደስ አለው። ስለ መውደቃቸው ስትነግረው ግን ፊቱ ተለወጠ። ክንዶቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ከወንበር እንድትነሳና እንድትቀመጥ ጠየቃት። ጥቂት ጊዜ ተነሳች። ቀጥሎ ለመነሳት ስትል ወገቧ ከወንበሩ አልላቀቅ አለ፤ ተንጠራራች፣ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘች፣ አልሆነም። ዕድሜዋ ገና ሃምሳ አልሞላም።

«የሄደው ጡንቻ ይመለሳል» አላት ዶክተሩ። «ግን በእግር ጉዞ አይመለስም።»

የላካት ከጎማ መጠገኛ ጀርባ ወዳለ አንድ የስፖርት አዳራሽ ነው። ውስጡ እንደፈራችው አልነበረም። ወገባቸውን የታመሙ ሽማግሌዎች፣ ከመኪና አደጋ የተረፈ አንድ ሹፌር፣ ከወሊድ በኋላ ጀርባዋ አልቆም ያላት አስተማሪ ነበሩበት። አሠልጣኙ በጉብዝናው ጊዜ ክብደት አንሺ የነበረ፣ አሁን ፀጉሩ የሸበተ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ሰዎቹ በሌለበት «አንድ ቀረ» ይሉታል፤ ምክንያቱም አንድ ቀረ ካለ በኋላ ሁልጊዜ ሌላ ሦስት ይኖራል።

«ምን ፈልገሽ መጣሽ?» አላት።

«እናቴን ማንሳት እፈልጋለሁ፣ ጋሼ።»

«ክብደቷ ስንት ነው?»

«ወደ ሃምሳ ስምንት።»

አሠልጣኙ አሰበበት። «ሰው ከብረት ይከብዳል» አለ። «ብረት መያዣ አለው፤ ደግሞም አይፈራም። ሰው ሲፈራ ይከብዳል።»

የጀመረችው ከወንበር በመነሳትና በመቀመጥ ነው። ቀጥሎ የመጥረጊያ እንጨት ሰጣት። እሷ ብቻዋን የውኃ በርሜል ትጎትት የነበረች ሴት፣ በመጥረጊያ እንጨት ጎንበስ ቀና ስትል መስታወቱ ውስጥ ራሷን አይታ አንገቷን ደፋች። በማግስቱ ሽንት ቤት ለመቀመጥ ግድግዳ መያዝ ነበረባት። ግን ሄደች። ከእንጨቱ ወደ ባዶው ብረት፣ ከባዶው ብረት ትንሽ ትንሽ ወደ ተጫነበት ተሸጋገረች። ከሥራ በፊት ሁለት እንቁላል ቀቅላ በትንንሹ እየጎረሰች፣ ጨጓራዋ እምቢ ሲል እያረፈች ትበላለች። ከሁሉም የከበዳት ይሄ ነበር። ድሮ መብላት እንዳታቆም የሚያደርጋት ረሃብ አሁን የለም፤ መብላት እንደ መድኃኒት በሰዓቱ የሚወሰድ ነገር ሆኗል።

አንድ ጠዋት ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ቁጥሩ ጨምሮ አገኘችው። ወርዳ እንደገና ወጣች፤ ያው ነው። በዚያው ቀን ሥራ ቦታ አንዷ በደግነት «ትንሽ ሞላ አልሽ ልበል?» አለቻት። ለዚህች ሴት ቃሉ ምንም አይደለም። ለትልቋ ግን እንደ ፍርድ ነበር። አድናቆቱ ከቆመ ቆይቷል፤ ሰው አዲሱን መልኳን ለምዶታል፤ ስለ ጉልበቷ ደግሞ የሚጠይቅ የለም። ምሳዋን ተወች። እራቷንም ተወች። በሦስተኛው ቀን አዳራሹ ገብታ ብረቱን ስትይዝ ዓይኗ ጨለመ።

አሠልጣኙ ብረቱን ከእጇ ተቀበላት። «ዛሬ ምን በላሽ?»

«ሻይ።»

«ትናንትስ?»

«እሱም ሻይ።»

«ሂጂ ቤትሽ» አላት። «በሻይ የሚነሳ ነገር እዚህ የለም።»

ተቆጥቶ አልነበረም። እሷ ግን ተናዳ ወጣች፤ ሳምንታት አለፉ፤ አልተመለሰችም። እሱም አልደወለም።

በዚህ መካከል ነው አንድ ቅዳሜ እናቷን ልታይ እህቷ ቤት የሄደችው። ሲመሽ የትንሿ ባል መጥቶ እናትየውን ወደ አልጋ አነሳት። ክፉ ሰው አይደለም። ጎበዝ ነው፣ ታዛዥ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ አላለም። በብብቷ ገብቶ በአንድ ትንፋሽ አነሳት፣ አዙሮ አስቀመጣት። ትልቋ ግን የእናቷን ፊት አየች። መርፌ ሲወጉኝ ዝም ብዬ አላልፍም የምትለው፣ ጥርሷ ሲነቀል እንኳ ከሐኪሙ ጋር ስትከራከር የነበረችው እናቷ፣ ሰውየው ሲነካት ዓይኗን ጨፈነች፤ አንድ ቃል አልወጣትም፤ አልጋው ላይ እስክታርፍ ድረስ አልገለጠችውም። ከዚያ ገለጠችና ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ ጎረቤት ወሬ ቀጠለች።

ትልቋ ቤቷ ገብታ ሚዛኑን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው። ሰኞ አዳራሹ ገባች። አሠልጣኙ የት ጠፋሽ አላላትም።

«በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

«እሺ፣ ወደ ጥግ ነይ።»

ጥጉ ላይ አሸዋ የሞላበት ረጅም ከረጢት ነበር። መያዣ የለውም፤ ሲያነሱት መሃሉ ይጎብጣል፣ አሸዋው ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። አሠልጣኙ እንዴት ተጠግታ እንደምትቆም፣ ከወገቧ ሳይሆን ከጭኗ እንዴት እንደምትነሳ፣ ለእናቷም ሰፊ ቀበቶ አስራ እሱን እንዴት እንደምትይዝ አሳያት። ከረጢቱ ብዙ ጊዜ ከእጇ አምልጧል። አንዳንድ ቀን ያለፈው ሳምንት የተነሳው አይነሳም፤ እሷም ዕቃዋን ሰብስባ ትወጣለች፤ ሐሙስ ተመልሳ ትመጣለች። ሥራ ቦታ ደግሞ አንድ ቀን አንሶላውን ብቻዋን ጎትታ እንዳወጣችው የገባት፣ ጓደኛዋ ሌላውን ጫፍ ፈልጋ ስታጣው ነው።

ክረምቱ ሲያበቃ እህቷ ቤት ሄደች። ቀበቶውን ይዛ ነበር።

«እስቲ ላንሳት» አለች።

ትንሿ ባሏን አየች። ባሏ ከአልጋው ዳር ትንሽ ገለል ብሎ፣ ግን ሊይዝ ተዘጋጅቶ ቆመ።

«ዓይኔን ልጨፍን?» አለች እናትየው።

«አትጨፍኚ። እኔን እዪኝ።»

ትልቋ ተጠጋች፣ ቀበቶውን በእናቷ ወገብ ላይ አስራ ያዘች፣ ጉልበቷን ለእናቷ ጉልበት ድጋፍ አደረገች። ተነፈሰች። እናቷ ከአልጋው ተላቀቀች። ድሮ እንደነበረው ቀላል አልነበረም፤ ክብደቷ በሙሉ ተሰማት፣ ጭኗ ነደደ፣ አንገቷ ላይ ደም ሥሯ ተገተረ። ግን አልተንቀጠቀጠችም። ዞረች። ወንበሩ ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠቻት።

«እህ አልሽ» አለች እናትየው።

«አዎ፣ አልኩ።»

«ጥሩ።»

ትንሿ ቁም ሳጥኑን ከፍታ የእናቷን ልብስ በሻንጣ መክተት ጀመረች።

እናትና ልጅ ከዚያ በኋላ አብረው የኖሩት አንድ ዓመት አይሞላም። ደህና ጊዜ ነበር። እናትየው ማታ ማታ የልጇን ክንድ በደህናው እጇ ትጨብጥና «እንጨት ነው የሆንሽው፤ ማን ያገባሻል?» ትላታለች። ትልቋ ሰኞና ሐሙስ ትሠለጥናለች፤ ለምን እንደምትሠለጥን ራሷን አትጠይቅም፤ ምክንያቱ ቤት ተቀምጦ ይጠብቃታልና።

ሁለተኛው ስትሮክ ሲመጣ ለማስታመም ጊዜ አልሰጠም። እናትየው አንድ ማለዳ ሳትነሳ ቀረች። ትልቋ ለትንሿ ደወለች፤ ትንሿ መጣች፤ ሁለቱም አጠገቧ ተቀምጠው አለቀሱ። ሰው ከመግባቱ በፊት ሰውነቷ መታጠብ፣ አንሶላውም መቀየር ነበረበት።

«ጎረቤት ልጥራ» አለች ትንሿ። «ወንዶቹ ያንሷት።»

«እኔ አነሳታለሁ።»

«እትዬ፣ አሁን ከበድ…»

«አውቃለሁ።»

እውነትም ከበደች። ከዚህ በፊት እናቷ ባንድ እጇም ቢሆን አንገቷን ትይዝላት ነበር፤ አሁን የሚያግዝ ነገር የለም። ትልቋ ሁለቱን ክንዶቿን ከሥሯ አስገብታ ደረቷ ላይ አስጠግታ አነሳቻት። የእናቷ ራስ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ትንሿ ንጹሑን አንሶላ ይዛ ልትዘረጋ ስትል አንዱ ጫፍ ወደቀ፤ አነሳችው፤ በተገላቢጦሽ አነጠፈችው፤ ደግሞ አዞረችው፤ ዕንባዋ ዓይኗን ጋርዷት ጠርዙን አጣችው።

«ቀስ ብለሽ አንጥፊ» አለቻት ትልቋ። «ይዣታለሁ።»

ትንሿ ቀስ ብላ አነጠፈች። አራቱንም ጥግ ከፍራሹ ሥር አስገባች፣ መሃሉን በመዳፏ አስተካከለች። ትልቋ እስከዚያ ድረስ ቆማ ነበር።

አሠልጣኙ ለቅሶ መጥቶ ከጥግ ተቀምጦ ነበር። ሲሄድ እጇን ጨበጣት፤ ስለ አዳራሹ አላነሳባትም።

እሷም አልሄደችም። ሰኞ መጣ፣ አለፈ፤ ሐሙስም እንዲሁ። እንቁላል መቀቀሉ ቀረ። ሥጋ ለመብላት መቀመጥ፣ ማኘክ፣ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ብስኩት ግን ሻይ ውስጥ ሲነከር አፍ ውስጥ ይሟሟል፣ ጨጓራም አይጠይቀውም። ማታ ማታ አንድ ጥቅል ይዛ ትቀመጣለች፤ ሲያልቅ ሌላ ትከፍታለች። የጥጋብ ስሜት ስለማይመጣ ማቆሚያውም አይታወቅም። ቀሚሷ ወገቧ ላይ ሲጠብባት አወቀች፤ ሚዛኑን ግን ከሰቀለችበት አላወረደችውም። የሆድን ነገር እንደ ድሮው ቀልዳ የምታልፍበት ጉልበት እንኳ አልነበራትም።

የእናቷን የብረት አልጋ ለአረጋውያን መጦሪያ ሊሰጡት ተስማሙ። ቤታቸው ያለበት ቀጭን መንገድ መኪና አያስገባም፤ መኪናው ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የትንሿ ባል ሥራ ላይ ስለነበር ሁለቱ እህትማማቾች አልጋውን በራስጌና በግርጌ ይዘው ወጡ። ግማሽ መንገድ ላይ ትንሿ «አስቀምጪው፣ አስቀምጪው» አለች። መንገዱ መሃል አስቀመጡት። መዳፏ ቀልቷል። ሌላ መቀመጫ ስለሌለ አልጋው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አላፊ አግዳሚው እያያቸው በጎን ያልፋል።

«እትዬ» አለች ትንሿ ትንፋሿ ሲመለስ፤ «ያን ቀን ኩሽና ውስጥ ያልኩሽ ነገር።»

«ተዪው።»

«አልተወውም። ስትከሺ ደስ አላለኝም ነበር። በሰው ፊት እስቃለሁ፣ ቀሚስሽን በፌስታል እወስዳለሁ፣ ቤቴ ገብቼ ግን ይከፋኛል። ልጆች ሆነን ሰው ሲያስፈራራኝ ካንቺ ኋላ ነበር የምቆመው። ከኋላሽ ሆኜ ማንም አያየኝም። ስትከሺ መደበቂያዬን ያፈረሱብኝ መሰለኝ።»

«እኔም እኮ እዚያው ውስጥ ነበር የተደበቅኩት» አለች ትልቋ።

ትንሿ ወደ እሷ ዞራ አየቻት። «አንቺ አልደከመሽም?»

«ደክሞኛል።»

«አይመስልም። እጅሽ እንኳ አልቀላም። አሁንም ትሠለጥኛለሽ?»

«ከተውኩት ቆየሁ።»

«ለምን?»

«ማንን ላነሳ ብዬ?»

ትንሿ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ተነሳች። «እኔንም ውሰጂኝ» አለች። «ይሄ አልጋ እኮ ገደለኝ። ገና አርባ አልሞላኝም።»

ሰኞ ሁለቱ አብረው ሄዱ። አሠልጣኙ ትንሿን አየና ወንበሩን አመለከታት፤ ትልቋን ወደ ብረቱ ወሰዳት፤ ካቆመችበት ብዙ አውርዶ ጫነላት። የመጀመሪያውን ዙር ጨርሳ ስታርፍ ነገረችው።

«ጋሼ፣ አሁን የማነሳው ሰው የለኝም።»

«እዚህ ከሚመጡት ብዙዎቹ የላቸውም» አላት፤ ሌላ ነገር ይጨምራል ብላ ስትጠብቅ ሹፌሩ ጠራውና ሄደ።

ትንሿ እያጉረመረመች፣ ደረጃ ስትወርድ እየጮኸች፣ ሁለት ወር ያህል መጣች። ከዚያ ልጆቿ ታመሙ፣ ከዚያ የራሷ ሥራ በዛ፣ ከዚያ ቀረች። ትልቋ አልተቀየመቻትም። እሷ ራሷ ቀጠለች፤ ግን እንደ ድሮው አልነበረም። እናቷን ለማንሳት ስትሠለጥን ጠዋት ከአልጋ የሚጎትታት ነገር ነበር። አሁን የሚጎትታት የለም፤ ራሷን ነው የምትጎትተው። ብስኩቱ ሙሉ በሙሉ አልቀረም፤ አንዳንድ ማታ ያሸንፋታል። ሐኪሙ ዘንድ ስትሄድ ክብደቷ ከዝቅተኛው ትንሽ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ስኳሩ ግን ያለ መድኃኒት ደህና ነው። ከወንበር ተነሽ ተቀመጪ ሲላት፣ በቃ እስኪላት ድረስ አላቆመችም።

አንድ ሐሙስ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ሲያለቅስ ዋለ። ከሥራ ስትወጣ ጫማዋ ራሰ፤ ቤቷ በግራ፣ አዳራሹ በቀኝ ነው። ቆመች። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ አንድም የሚረባ ምክንያት አልመጣላትም፤ ደክሟታል፤ ርቧታልም አልራባትምም፤ ማንም አይጠብቃትም፤ ብትቀርም የሚጎዳ የለም። ወደ ቀኝ ታጠፈች። አዳራሹ ውስጥ አሠልጣኙና አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። የደረሳትን ሁሉ አነሳች፤ አንዱን ዙር ማንሳት አቅቷት መሬት ጣለችው፤ አርፋ ደገመችው፤ ተነሳ። ላቧን ጠርጋ፣ ሹራቧን ደርባ፣ በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠችና ከቦርሳዋ የተቀቀለ እንቁላል አውጥታ እየላጠች ዝናቡ ቀለል እስኪል ጠበቀች።